አልማዝ ወደ ማጂ ስትዛወር

የሬዲዮ ሥራ የጀመርኩት በጩኸቴ ምክንያት ነው። አማን ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ጠዋት በሰልፍ ላይ ያለ ማይክ ስናገር ድምፄ አጥሩን አልፎ ባጃጅ ተራው ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። የትምህርት ሬዲዮ ጣቢያው ለእንግሊዝኛ ንግግር ፕሮግራም አቅራቢ ሲፈልግ፣ ርዕሰ መምህራችን ዐይናቸውን ሳያሹ እኔን ላኩ። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን ጣቢያውን እንደመረቁት በኋላ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ስደርስ ሚዛን ላይ ደመናው የቤት ጣሪያ ነክቶ ነበር። ስቱዲዮ ሲሉኝ ትልቅ ነገር ጠብቄያለሁ። አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዲውጥ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል። ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው። በእኛ አገር ዝናብ ቆርቆሮ ሥር እንኳን ድምፅ መቅዳት ባልና ሚስት መጣላትም አይችሉም።

ስለዚህ የቴክኒሽያናችን የከድር የመጀመሪያ ሥራ ሰማይ ማየት ነበር። ከድር የጅማ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ የማይቸኩል። በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ከዚያ ሁለት ነገር አንዱን ይላል፤ «ቲቸር፣ አንድ ትምህርት ያደርሰናል» ወይም «ቲቸር፣ ሻይ እንጠጣ»። በዚያ ዓመት ብዙ ሻይ ጠጥቻለሁ።

የፕሮግራሙ ኃላፊ አቶ ግርማቸው ይባላሉ። በጭቃ ቀንም ክራቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው። ሥራውን ያስረዱኝ ቆመው ነው።

«መምህርት ሙሉ፣ ይህ ዜና ማንበብ አይደለም። ትጠይቂያለሽ። ዝም ትያለሽ። ልጆቹ በያሉበት ክፍል ይመልሳሉ። ከዚያ ታመሰግኛቸዋለሽ።»

«ልጆቹ እዚህ ይመጣሉ?»

«አይመጡም።»

«ታዲያ ማንን ነው የማመሰግነው?»

«የመለሱትን።»

ገባሁ። ማይኩ ፊት ተቀመጥኩ። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ችልድረን! ሃው አር ዩ?» አልኩ። ከዚያ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ጸጥታው ሲረዝምብኝ «አይዟችሁ፣ በሉ እንጂ፣ ተናገሩ!» አልኩ። ከመስታወቱ ማዶ ከድር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ደገምን። አሁንም ተናገርኩ። ሦስተኛው ላይ ከድር ወጥቶ መጣና «ቲቸር፣ በልብሽ ቁጠሪ» አለኝ። በልቤ ልቁጠር ብዬ ድምፅ አውጥቼ ቆጠርኩ። ቀኑ ሲያልቅ ግን ዝም ማለትን ተማርኩ። ካርቶኑን አየት አድርጌ፣ ጠብቄ፣ «ቬሪ ጉድ!» አልኩት። በሕይወቴ ዝም ብዬ ደመወዝ የተከፈለኝ ያኔ ነው።

ልማዱ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ባሌን «ወጡ ጨው አንሶታል?» ብዬ እጠይቀውና አፉን ሳይከፍት «ቬሪ ጉድ!» እለዋለሁ። አንድ ቀን ሳህኑን ገፍቶ «ሙሉ፣ ገና አልመለስኩም» አለኝ።

የምናነበው ጽሑፍ ከላይ ታትሞ የሚመጣ ነው። በውስጡ አልማዝ የምትባል ልጅ አለች። ጠዋት የምትነሳው አልማዝ፣ ፊቷን የምትታጠበው አልማዝ፣ ስሟን የምትናገረው አልማዝ። ድምፄን አቅጥኜ አልማዝን የምጫወታት እኔው ነኝ። ወፍራም ድምፄ ይጠይቃል፣ ቀጭን ድምፄ ይመልሳል፣ ልጆቹ ተከትለው ይላሉ። «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» «ማይ ኔም ኢዝ አልማዝ።» ቬሪ ጉድ።

መንፈቅ ያህል ከሠራን በኋላ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰማ እንድናይ ተላክን። እኔና ከድር ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ሄድን፤ ሸኮ ላይ ስንደርስ ከአስፋልቱ ወርደን በሞተር ጫካ ውስጥ ገባን። ትምህርት ቤቱ ከቡና ዛፍ መሐል ነው ያለው፤ ደወሉ ካልተደወለ መኖሩ አይታወቅም።

መምህሩ ጳውሎስ ይባላል፤ የአካባቢው ተወላጅ ነው። የሠለጠነው ለሒሳብ ነው፤ ሌላ ሰው ስለሌለ እንግሊዝኛም ተሰጥቶታል። «በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ መቁጠር እችላለሁ፤ ከዚያ ውጭ አልዋሽሽም» አለኝ። ሬዲዮኑ በፀሐይ የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በዚያ ጫካ እንደ ሹም አልፎ አልፎ ነው ብቅ የምትለው። ዘበኛው ሬዲዮኑን እንደ ጥጃ ብርሃን ካለበት ብርሃን ወዳለበት ሲያዛውሩት ይውላሉ።

ክፍሉ ውስጥ ገባን። ልጆቹ ብድግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ፣ ቲቸር!» አሉ። ቆርቆሮው ነጠረ። ልቤ ሞላ፣ ዐይኔም ሊሞላ ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ መርጬ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» አልኩት።

ክፍሉ በሙሉ መለሰ። «ማይ ኔም ኢዝ አልማዝ!»

«አይ፣ እሱ ብቻ» አልኩና ደገምኩ። «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

ቀይ ሹራቡ ደረቱን ነፍቶ «ማይ ኔም ኢዝ አልማዝ» አለ።

ከኋላ ወንበር፣ ጢሙ ማቀምቀም የጀመረ አንድ ጎረምሳ ጠየቅኩ። በጎርናና ድምፅ «አልማዝ» አለ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ብለው ያዩኝ ጀመር። ምን እንደጠበቁ አልገባኝም ነበር። ከድር ጠጋ ብሎ «ቬሪ ጉድ እስክትያቸው ነው» አለኝ።

ወደ ጳውሎስ ዞርኩ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ቲቸር፣ እኔም ለትንሽ ነው የተረፍኩት» አለ።

ልንወጣ ስንል ልጆቹ ሌላ ጥርጣሬ አነሱ። የሬዲዮዋ ቲቸር እኔ መሆኔን አላመኑም። ድምፄ ልክ ነው፤ ሰውነቴ ግን አነሰባቸው። በመጨረሻ ሬዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላው ጎንበስ ብዬ እንድናገር ጠየቁኝ። ጎንበስ ብዬ «ጉድ ባይ፣ ችልድረን» አልኩ። ጭብጨባው አሁንም ይሰማኛል።

በማግስቱ አቶ ግርማቸው ቢሮ ገባሁ። «ጋሼ፣ ጽሑፉ መቀየር አለበት። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ አልማዝ ሆኗል።»

«መምህርት፣ ጽሑፉ ከላይ የመጣ ነው።»

«ከላይ ያሉት ጢም ያለው አልማዝ አላዩም።»

«ከላይ የመጣን እኛ እዚህ አንቀይርም» አሉና ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ያ ማለት ውይይቱ አበቃ ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ አቶ ግርማቸው ጠዋት ገብተው ሳይቀመጡ ጠሩን። ትናንት ቤታቸው እንግዶች ነበሩ። ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው በረከት እንግሊዝኛውን እንዲያሳይ ጠሩት። ስሙን ጠየቁት። ልጁም በእንግዶቹ ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ የተባለውን ተናገረ። እንግዶቹ ሳቁን ዋጡት፤ የሚስታቸው ወንድም ግን ሊውጠው አልቻለም።

«ይቺ አልማዝ» አሉ አቶ ግርማቸው፣ «በክብር ትሰናበት።»

ከላይ ያሉትን በስልክ እንዴት እንዳሳመኗቸው አላውቅም። እኛ ግን ጻፍን። አልማዝ አባቷ ሥራ ስለተቀየረ ወደ ማጂ ተዛወረች፤ «ጉድ ባይ፣ ማይ ፍሬንድስ» አለች፤ ከድር ከኋላ የመኪና ድምፅ አስገባ። ጥሩ ስንብት ነበር። ከመጠን በላይ ጥሩ ሳይሆን አልቀረም።

በሳምንቱ አንድ ሰው ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘን። ጎልማሳ ነው፤ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ እጁ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ማር ይዟል።

«የልጅቷን ነገር ለመጠየቅ ነው የመጣሁት» አለ።

«የየትኛዋን ልጅ?»

«የአልማዝን። ልጆቼ ከሄደች ጀምሮ ምግብ አስቸገሩኝ። ደግሞ በዚህ ዝናብ ማጂ ምን ወሰዳት? መንገዱ እኮ መኪና የሚያስቀር ነው። ደርሳለች?»

ከድር አየኝ። እኔ ከድርን አየሁት። እውነቱን ለመናገር አፌን ስከፍት ሰውዬው ማሩን ዘረጋልኝና «በሰው ላኩላት» አለ።

«ደርሳለች» አልኩት። «ደህና ናት።»

«ትምህርቷንስ?»

«ቀጥላለች።»

«ተመስገን» ብሎ ሄደ። ማሩን ምን እናድርገው ብለን ለረዥም ጊዜ ተከራከርን። አቶ ግርማቸው «ንብረትነቱ የአልማዝ ስለሆነ አልማዝ ትብላው» ብለው ፈረዱ። ስለዚህ በላሁት፤ ለከድርም አካፈልኩት።

ከአልማዝ በኋላ አሠራራችንን ለወጥን። ሚዛንና አማን ካሉ ትምህርት ቤቶች እውነተኛ ልጆች አምጥተን እርስ በርስ ሲጠያየቁ ቀዳን። አንዱ ይሳሳታል፣ ሌላው ይስቃል፣ ያንኑ አሰማን። በሬዲዮ የምንሰጠው ትእዛዝም ተቀየረ፤ «ከእኔ በኋላ በሉ» ማለት ትተን «አጠገብህ ያለውን ልጅ ጠይቀው» እንል ጀመር። ሥራው አስደሳች ሆነ። ልጆቹ ስቱዲዮ ውስጥ የእንቁላል ካርቶኑን መቦጨቃቸው ብቻ ከድርን አናደደው።

ደህና መሄድ ስንጀምር ወሬ መጣ። ፕሮግራሙ ይቀጥል ወይስ የአየር ሰዓቱ ለሌላ ይሰጥ የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ከቦንጋ ይመጣል ተባለ። እኔ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ፤ ምንም አልሆንም። ከድር ግን የኮንትራት ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ጳውሎስ ደግሞ ስልክ ደውሎ «ቲቸር፣ ሬዲዮኑ ከቀረ ለልጆቹ የሚቀርላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ከሃያ በላይ ምን አስተምራቸዋለሁ?» አለኝ።

ኮሚቴው የመጣው በክፉ አጋጣሚ በቡና ለቀማ ወቅት ነው። በለቀማ ወቅት በእኛ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ የሚገኙት ወንበሮች ናቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሲሳይ ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ቶሎ ቶሎ የሚጠርጉ ሰው ናቸው። የጳውሎስን ትምህርት ቤት ራሳቸው መረጡ። አቶ ግርማቸው ከመኪናው ስንወርድ ጆሮዬ ላይ «አለቀልን» አሉኝ።

ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ትንንሽ ልጆች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም።

«ሬዲዮኑስ?» አሉ አቶ ሲሳይ።

ጳውሎስ ላብ አጠመቀው። «በሥራ ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«የት?»

«ቡና ላይ።»

አቶ ሲሳይ መነጽራቸውን አወለቁ። «የመንግሥት ሬዲዮ ቡና ላይ ምን ይሠራል?»

ጳውሎስ እየተንተባተበ አስረዳ። ለቀማው ሲጀምር ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር ወደ አንድ ነጋዴ የቡና ማድረቂያ ሄዱ። እዚያ ሠራተኞቹን የምትቆጣጠር ወይዘሮ ዘነበች የምትባል ሴት አለች። እሷ ትምህርት ቤት መጥታ «መምህር፣ የልጆቹ እጅ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሯቸው ግን ሥራ ፈት ነው። ሬዲዮኑን ስጠኝ» አለችው። ሰጣት።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም» አለ ጳውሎስ።

በእግር ወረድን።

ማድረቂያው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ከእንጨትና ከሽቦ የተሠሩ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ ዙሪያውን ሴቶችና ልጆች ቆመው የተሰበረውንና የጠቆረውን ይለቅማሉ። ሬዲዮኑ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ፀሐይ እንደልብ ያገኘበት የመጀመሪያ ቦታ ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ድምፁ የእኔ ነው። ትምህርቱ ተጀምሮ ነበር።

«ሲት ዳውን!» አልኩ ከምሰሶው ላይ።

አንድም ሰው አልተቀመጠም። አቶ ግርማቸው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሴቶቹም ልጆቹም ከቡናው ቀና ሳይሉ በአንድ ድምፅ «ኖ፣ ቲቸር!» አሉ።

ሬዲዮኑም «ቬሪ ጉድ!» አላቸው።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ቀልዱ የየቀን እንደነበር ያስታውቃል። ወይዘሮ ዘነበች እኛን አይታ እየሳቀች መጣች። «ጌቶች፣ ይቅርታ፤ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቡናው ይበላሻል። ለቲቸር በእንግሊዝኛ ነገርናት።»

ትምህርቱ ቀጠለ። «አጠገብሽ ያለውን ሰው ጠይቂ» የሚለው ክፍል ደረሰ። ቅርባችን ካለው አልጋ የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ትዕግሥት ቆማ ነበር፤ አጠገቧ የነበሩት አቶ ሲሳይ ናቸው። ልጅቷ ዞር አለች።

«ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

አቶ ሲሳይ ግራ ተጋብተው አዩን። «ማይ ኔም ኢዝ ሲሳይ።»

«ዌር ዱ ዩ ሊቭ?»

«አይ ሊቭ ኢን ቦንጋ።»

እዚህ ላይ ያዘጋጀነው ጥያቄ ያልቃል። ትዕግሥት ግን የሰውዬውን ጫማ አየች፣ መነጽሩን አየች፣ ክራቫት ያሰሩትን አቶ ግርማቸውን አየች።

«ኋይ አር ዩ ሂር?» አለች።

ከድር ክንዴን ጨበጠኝ። ይህን እኛ አልጻፍነውም። ቃላቱን ከተለያየ ትምህርት ለቅማ ራሷ ነው የገጣጠመችው።

አቶ ሲሳይ ተደሰቱ። ጥሩ እንግሊዝኛ አላቸው፤ ስብሰባ ላይ የሚነገረውን እንግሊዝኛ። ስለ ግምገማ፣ ስለ ውጤታማነት፣ ስለ ባለድርሻ አካላት በአንድ ትንፋሽ ነገሯት። ትዕግሥት እስከ መጨረሻው በአክብሮት አዳመጠች።

«ስሎውሊ፣ ፕሊስ» አለች።

እንደገና ጀመሩ። ትንሽ አጠሩ።

«ስሎውሊ፣ ፕሊስ።»

ሴቶቹ እጃቸውን ከቡናው ላይ አንስተው ቆሙ። አቶ ሲሳይ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ አሰቡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ «አይ… ኬም… ቱ ሲ… ዩ» አሉ።

የልጅቷ ፊት በራ። ሊያያት ከቦንጋ ድረስ የመጣ ሰው! ትንሽ አሰበችና «ኦኬ። ዩ ሲ ሚ» አለች። ቀጥላም ወደ አልጋው እያመለከተች «ናው፣ ወርክ!»

ወይዘሮ ዘነበች «አንቺ ልጅ!» ብላ ልትቆጣ ነበር። አቶ ሲሳይ ግን ኮታቸውን አውልቀው ለአቶ ግርማቸው አስያዙና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሬዲዮኑ ትምህርቱን እስኪጨርስ ከልጅቷ ጎን ቆመው ለቀሙ፤ ዋት ኢዝ ዚስ፣ ዚስ ኢዝ ኮፊ ተባባሉ። ደህናውን ፍሬ ሲያወጡ ወይዘሮ ዘነበች መልሳ ትከታለች።

ወደ መኪናው ስንመለስ አቶ ሲሳይ ጳውሎስን «እንግሊዝኛዋን የምታስተምራት አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ይህን ሪፖርት ላይ አልጽፈውም» አሉ።

ፕሮግራሙ ቀጠለ። በለቀማ ወቅት ትምህርቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ማድረቂያ ላይ ሲሆን እንዲተላለፍ ተወሰነ። ከድር ቋሚ ሆነ፤ ሴት ልጅም ተወለደችለት። ጳውሎስ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንግሥት ንብረት ከግቢ በማውጣት ማስጠንቀቂያ፣ ትምህርቱን ለሕዝብ በማዳረስ ምስጋና ተሰጠው። የቱን እንደሚያምን ጠየቀኝ። ሁለቱም ከአንድ ቢሮ የወጡ ስለሆኑ ሁለቱንም እመን አልኩት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጣቢያው አዳዲስ አቅራቢዎች ሲቀጥር አንዳንዴ እንድመክራቸው ይጠሩኛል። ጥሩ ድምፅ አላቸው፤ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛም አላቸው። ምክሩን ሲጠይቁኝ ስለ ማድረቂያው እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ከዚያ አንዱ «ታዲያ ትምህርቱ ምንድን ነው?» ይላል።

ትምህርቱ ይህ ነው። ልጅ ድገም ያሉትን ይደግማል፤ የሚናገረው ግን ማወቅ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው። ትዕግሥት ያ ሰው ለምን እንደመጣ ማወቅ ፈለገች። ፕሮግራም ስታዘጋጁ መጀመሪያ ልጁ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ አጣሩ፤ ቃላቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።